የባሕር ዳርቻ ፎቶ የምታነሱ፣ ጀምበሯን ተዉና የውኃውን ሰዓት ያዙ

ጨዋማ_ሌንስ | ኦክላንድ

ሰላም ለቤቱ። እዚህ ፎቶ ክፍል ከሚለጠፈው የባሕር ፎቶ አብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፤ ብርቱካናማ ሰማይ፣ መሐል ላይ ፀሐይ፣ ከሥር ጥቁር ውኃ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ እጁን ግራና ቀኝ የዘረጋ ወዳጅ። ጀምበር ስትጠልቅ ማየት የሚጠላ የለም፣ እኔም አልጠላም። ግን የዕረፍት ቀኔን ለካሊፎርኒያ የፓሲፊክ ዳርቻ የምሰጠው ለእሱ ብዬ አይደለም። እንጀራዬ ሌላ ነው፣ ካሜራው ፍቅር ብቻ ነው። የሌሊት ፈረቃ ጨርሼ ከመተኛት ይልቅ ሀይዌይ አንድን ይዤ ወደ ደቡብ የምነዳበት ቀን ብዙ ነው። ባለቤቴ "ያ ድንጋይ ምን አለው?" ትለኛለች። ለእሷም መልስ ይሁናት።

የዳርቻን ፎቶ የሚወስነው ሰማዩ ሳይሆን ውኃው የት ላይ እንዳለ ነው። ከሳንታ ክሩዝ በስተሰሜን፣ ዳቨንፖርት አጠገብ፣ ሻርክ ፊን ኮቭ የሚባል ትንሽ ሰርጥ አለ። መሐሉ ላይ ሹል ዓለት ቆሟል። ባሕሩ ሲሞላ አሸዋው ይጠብባል፣ ሞገዱ እስከ ገደሉ ሥር ይመጣል፣ ያላችሁ አማራጭ ከላይ ከአፋፉ ላይ ሆኖ ሁሉም የሚያነሳውን ማንሳት ነው። ውኃው ሲሸሽ ግን ሌላ አገር ይወጣል፤ አረንጓዴ አልጌ የለበሰ ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ በመካከሉ ውኃ ያዘለ ጉድጓድ፣ ከእግራችሁ ሥር ተነስቶ ወደ ዓለቱ የሚሄድ ስንጥቅ። ያው ቦታ፣ ያው ካሜራ፣ የስድስት ሰዓት ልዩነት።

ለማያውቁት፦ እኛ ጋ ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይሸሻል። ሁለቱ ሽሽቶች እኩል አይደሉም፣ አንዱ ከሌላው የጠለቀ ነው። ሰዓቱ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ገደማ እየተገፋ ይሄዳል። ሠርቀ ጨረቃና ሙሉ ጨረቃ አካባቢ በሙላቱና በሽሽቱ መካከል ያለው ልዩነት ይሰፋል። የአሜሪካው የባሕርና የአየር ሁኔታ መሥሪያ ቤት ኖዋ የታይድ (የሙላትና የሽሽት) ሰንጠረዡን በነፃ ያወጣል። ዜሮ ብሎ የሚነሳው ከየቀኑ የጠለቀው ሽሽት አማካይ ስለሆነ፣ ከዜሮ በታች የተጻፈ ቁጥር ካያችሁ ያን ቀን ለሌላ ሰው ቀጠሮ አትስጡ።

አሁን ደግሞ ለእኛ አካባቢ ሰው የሚጠቅመው። መካከለኛው ካሊፎርኒያ ላይ ትልልቆቹ ሽሽቶች ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው የሚውሉት። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ግን ገና ጎሕ ሲቀድ ነው። ማለትም ጀምበር መጥለቂያውም የሸሸው ውኃም አንድ ላይ የሚገኙት በብርዱ ወራት ነው፣ ሰው ሁሉ ቤቱ በሚቀመጥበት ጊዜ። ሰው ሁሉ ወደ ባሕር በሚወርድበት ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ጭጋጉ ይጋርደዋል። ዳርቻው ላይ ያለው ውኃ ከጥልቁ እየወጣ የሚመጣ ቀዝቃዛ ነው፤ ከላዩ ያለው አየር ጭጋግ ይሆናል፣ የመሐል አገሩ ሙቀት ደግሞ ስቦ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ለሽርሽር የመጣ ዘመድ ያዝናል። እኔ ደስ ይለኛል፣ ግራጫ ቀን ላይ እርጥብ ድንጋይ ቀለሙን ያወጣዋል። ፖላራይዘር የሚባለውን የሌንስ ማጣሪያ አድርጋችሁ ቀስ እያላችሁ ብታዞሩት በድንጋዩ ላይ ያለው ነጭ ብልጭታ ይጠፋና ውስጡ ያለው ቡኒና አረንጓዴ ይወጣል። ይሄን አንዴ ያየ ሰው ፀሐይ አይለምንም።

አነሳሴ ቀላል ነው። ትራይፖዱን ዝቅ አድርጌ ሹተሩ ክፍት የሚሆንበትን ጊዜ ወደ ግማሽ ሰከንድ አደርገዋለሁ። ሞገዱ ሲመጣ አልጫንም። ተሰብሮ፣ አረፋው አሸዋው ላይ ወጥቶ፣ ጉልበቱን ጨርሶ ለአፍታ ቆም ይላል። ከዚያ ወደ ኋላ ሲጎተት ጠጠሩን ይዞ ይንኮሻኮሻል፣ አረፋውም ቀጭን ቀጭን መስመር እየሆነ ወደ ባሕሩ ይሳባል። የምጫነው ያኔ ነው። መስመሮቹ ዓይንን ይዘው ወደ ዓለቱ ይወስዱታል።

አንድ ቦታ ደጋግሞ መሄድ ይሰለቻል የምትሉ ካላችሁ፣ አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ኤድዋርድ ዌስተን እዚሁ ካሊፎርኒያ ያለውን የፖይንት ሎቦስ ዳርቻ ከ1929 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ደጋግሞ አንስቶታል፣ በ1948 ሕመሙ ካሜራ እስኪያስጥለው ድረስ። ይኖር የነበረውም ከቦታው ጥቂት ደቂቃ ርቀት ላይ ነበር። አሁን እዚያ ያለ አንድ ዳርቻ በስሙ ይጠራል። ሄዳችሁ እዩት፣ ትንሽ ነገር ነው። ጠጠርና የተጣጠፈ ድንጋይ። ሰውየው እዚያ ውስጥ ያላገኘው ነገር አልነበረም።

እስቲ እናንተስ የት ነው የምታነሱት?

ኮርቻ | ሲልቨር ስፕሪንግ

ጥሩ ጽሑፍ ነው ወንድሜ፣ ግን እኛ የምሥራቆቹ ምን እንሁን? እዚህ ድንጋይ የለም። አሳቲግ ደሴት ስሄድ ያለው አሸዋ፣ አሸዋ፣ አሸዋ ነው። የዱር ፈረሶቹ ባይኖሩ ኖሮ ካሜራ ባላወጣሁ። ደግሞ እኛ ዘንድ ፀሐይ ከባሕር ነው የምትወጣው፣ በሌሊት ተነስቶ ሦስት ሰዓት መንዳት ማለት ነው።

ጨዋማ_ሌንስ | ኦክላንድ

ኮርቻ፣ ድንጋይ ከሌለ እርጥብ አሸዋ አለ። ውኃው ከሸሸ በኋላ አሸዋው ላይ የሚቀረው ስስ ውኃ ሰማዩን በሙሉ ይይዘዋል። ካሜራውን ጉልበትህ ድረስ አውርደው። የአሸዋ ክምር ላይ ያለው ሣርና ያረጀ የእንጨት አጥርም መስመር ነው። ፈረሶቹን ግን ከሩቅ፣ መቅረብ ክልክል ነው።

ሩብ_ሰከንድ | ሲያትል

በጽሑፉ እስማማለሁ፣ በግማሽ ሰከንዷ ግን አልስማማም። ይሄ ረጅም ኤክስፖዠር የሚባለው ነገር ባሕሩን ወተት አስመስሎ አበላሸው። እኔ ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ኦሎምፒክ ብሔራዊ መናፈሻ ዳርቻ ላይ ነው የማነሳው፣ ሪያልቶ ቢች፣ ሩቢ ቢች። እዚያ ሞገድ ሲመጣ መሬቱ ይንቀጠቀጣል። ያን ጉልበት ወስደህ ለስላሳ ማድረግ ውሸት ነው። አንድ ሺኛ ሰከንድ አድርገህ ጠብታው በአየር ላይ እያለ ያዘው፤ ያኔ ባሕር ነው የሚባለው።

በነገራችን ላይ እዚያ የምትሄዱ ካላችሁ፣ ዳርቻው ላይ ያሉት የወደቁ ግንዶች አያታልሏችሁ። መኪና የሚያህሉ አሉ፤ ሞገድ ያነሳቸዋል። መናፈሻው "ግንድ ይገድላል" ብሎ የሚያስጠነቅቀው ለቀልድ አይደለም።

ጨዋማ_ሌንስ | ኦክላንድ

ሩብ_ሰከንድ፣ ስምህና ሐሳብህ አልገጠሙም እኮ። ሩብ ሰከንድም ያው ጠብታ አይዝም።

ለቁም ነገሩ፣ ዓይናችን ራሱ ሞገድን በአንድ ሺኛ ሰከንድ አያየውም። በአየር ላይ የቆመ ጠብታ ማንም አይቶ አያውቅም፣ ካሜራ ነው የፈጠረው። ስለዚህ ማነው የዋሸው? እኔ ሰላሳ ሰከንድ አልወድም፣ ያኔ ባሕሩ ጭጋግ ይሆንና ሞገዱ ራሱ ይጠፋል። ግማሽ ሰከንድ ላይ ግን አቅጣጫው ይታያል፣ የት እንደነበረና ወዴት እንደሚሄድ።

ቁም_ውኃ | ስቶክሆልም

ሰላሳ ሰከንድ የምወድ እኔ አለሁ፣ አትስደቡን። አሥር ስቶፕ ኤንዲ ፊልተር፣ ማለትም ሌንሱ ላይ የሚደረግ ጥቁር መስታወት፣ ብርሃኑን ሺህ ጊዜ ያህል ይቀንሳል፤ ያለፊልተር አንድ ሰላሳኛ ሰከንድ የነበረው ሰላሳ ሰከንድ ገደማ ይሆናል። በዚያ ሰላሳ ሰከንድ ውስጥ ቆሜ ባሕሩን በዓይኔ አያለሁ፣ ስልኬን አላይም። ለእኔ ፎቶው ትርፍ ነው። የሚያጓጓው ግን ይሄ ነው፦ የማይንቀሳቀሰው ሁሉ ይሳላል፣ የሚንቀሳቀሰው ሁሉ ይጠፋል። ሰው የሞላበት መድረክ ላይ ቆሜ ባዶ ዳርቻ ይዤ እመለሳለሁ።

ለጀማሪ፦ ርካሽ ኤንዲ ፊልተር ሁሉን ነገር ወይን ጠጅ ወይም ቡኒ ያደርገዋል። ሮው (ካሜራው ያላቀናበረው ጥሬ ፋይል) ካነሳችሁ ይስተካከላል፣ ጄፔግ ካነሳችሁ ግን ትጨነቃላችሁ።

ደጉ_ሰው | ሚኒያፖሊስ

ባሕር ባሕር እያላችሁ ልባችንን አቆሰላችሁት። 130 ሚሊዮን ሕዝብ ይዘን አንድ ወደብ የሌለን ሰዎች ነን እኮ! አሰብ ላይ ቆሜ ፎቶ የማነሳበት ቀን…

አወያይ

ደጉ_ሰው፣ የወደብ ክርክር የራሱ ክፍል አለው፣ ሦስት መቶ ገጽ ደርሷል፣ እዚያ ይጠብቁሃል። ከዚህ በታች ስለ ወደብ የሚጻፍ ሁሉ ይነሳል። ፎቶ ብቻ።

ባለ_ተሳቢው | መንገድ ላይ

አወያይ ልጄ፣ እኔ ስለ ወደብ መጻፌ ነው፣ ግን ስለ ፎቶ ነው፣ እንዳታነሳብኝ። እኔ ተሳቢ ነጂ ነኝ። በጋላፊ አድርጌ ጅቡቲ ስመላለስ ፀጉሬ ሸበተ። ባሕሩን ከእናንተ ሁሉ በላይ ያየሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም፣ ተራ ስንጠብቅ የሚታይ ሌላ ነገር የለማ። ወደቡ ውስጥ ማንሳት ክልክል ነው፣ አልሞክረውም። ከከተማው ወጣ ብሎ ግን ውኃው ሲሸሽ ጭቃው ይገለጣል፣ ወፎች ይወርዱበታል፣ ጀልባዎች በጎናቸው ይተኛሉ።

ልጄ ያገለገለ ካሜራ ገዝቶ ሰጥቶኛል። ችግሬ ይሄ ነው፦ ከመኪናው ወርጄ ካሜራውን ሳወጣ መስታወቱ በላብ ይሞላል። እጠርገዋለሁ፣ ተመልሶ ይሞላል። ጀልባው እስኪሄድ እየጠረግሁ እቀራለሁ። ተበላሽቶ ይሆን?

የቁሩም_ልጅ | ሙስካት

ጋሼ፣ አልተበላሸም። ይሄ የባሕረ ሰላጤ ሰው ሁሉ በሽታ ነው፣ እዚህ ሙስካት በሰኔ መነጽሬም እንዲሁ ነው የሚሆነው። ካሜራው በመኪናው ኤሲ ቀዝቅዟል፣ ውጭው እርጥብና ሞቃት አየር ነው፤ እርጥበቱ ቀዝቃዛ መስታወት ሲያገኝ ውኃ ይሆናል። መጥረጉ አይረዳም፣ መስታወቱ ራሱ መሞቅ አለበት።

እንዲህ ያድርጉ። ከመኪናው ሳይወርዱ፣ ካሜራውን ዚፕ ያለው ላስቲክ ውስጥ አስገብተው አየሩን ጨምቀው ይዝጉት። ከዚያ ይዘውት ይውጡ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ጥላ ላይ ያቆዩት። ላቡ በላስቲኩ ላይ ይሆናል እንጂ በካሜራው ላይ አይሆንም። ወይም ጭራሽ ኤሲ የማይደርስበት ሳጥን ውስጥ ይዘውት ይሂዱ። ላብ እያለበት ሌንሱን ፈትተው እንዳይቀይሩ ብቻ፣ እርጥበቱ ውስጥ ከገባ ነው ጣጣ የሚመጣው።

ጨዋማ_ሌንስ | ኦክላንድ

የቁሩም_ልጅ የጻፈው ትክክል ነው ጋሼ። እግዜር ያሳይዎት፣ ያቺን በጎኗ የተኛች ጀልባ ለጥፉልን።

ሐዋርያት_ሰፈር | ናታንያ

ጨዋማ፣ ጽሑፍህ ለውቅያኖስ ሰዎች ነው። እኛ ሜዲትራኒያን ላይ ነን፣ እዚህ በሙላትና በሽሽት መካከል ያለው ልዩነት 30 ወይም 40 ሳንቲሜትር ቢሆን ነው። ሰንጠረዥ ይዤ ብቆም የሚጠብቀኝ ነገር የለም። ስለዚህ "ውኃው የት እንዳለ ነው የሚወስነው" ያልከው እኛ ጋ አይሠራም።

እዚህ የሚወስነው ነፋስ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ከምዕራብ ወጀብ ሲመጣ ሞገዱ ቄሳርያ ላይ ካለው የሮማውያን ውኃ መውሰጃ ቅስት ፊት ድረስ ይወጣል። ወጀቡ ባለፈ በማግሥቱ አሸዋው ይታጠባል፣ ድሮ ተሸፍኖ የነበረ ድንጋይ ይወጣል፣ ሰማዩም ጥርት ይላል። እኔ የዓመቱን ሥራዬን በእነዚያ ቀናት ነው የማነሳው። በጋውን ካሜራ አልነካም፣ ሰማዩ ነጭ፣ ባሕሩ ዝርግ ነው።

እና የናታንያ ገደል አፋፍ ላይ ቆማችሁ የምታነሱ ወንድሞች፣ አሸዋ ድንጋይ ነው፣ ይናዳል። አጥሩ እዚያ የተሠራው በምክንያት ነው። እናቴ በየጊዜው ስልክ ደውላ "ከጫፉ ራቅ" የምትለኝን እኔም ለእናንተ እላለሁ።

ጨዋማ_ሌንስ | ኦክላንድ

ይሄ ጥሩ ነው። እንግዲህ ለየባሕሩ የራሱ ሰዓት አለው ማለት ነው፤ የእናንተ ሰዓት ወጀብ ነው። ፀሐይዋን ግን እናንተም አልጠበቃችሁም፣ ልብ በሉልኝ።

ዝናብ_አይመልሰኝም | ካርዲፍ

እኛ ጋ ደግሞ ግልባጩ ነው። ሰቨርን ወንዝ ከባሕር ጋር በሚገናኝበት በኩል ልዩነቱ እስከ 14 ሜትር ይደርሳል፣ በዓለም ላይ ካሉት ትልልቆቹ አንዱ ነው። ስትሸሽ ባሕሩ አገር ለቆ የሄደ ነው የሚመስለው። ዌልስ ውስጥ ጓወር ልሳነ ምድር ላይ ሮሲሊ አጠገብ ዎርምስ ሄድ የሚባል ደሴት መሰል ዓለት አለ። ውኃው በጣም ከሸሸበት ሰዓት በፊት ሁለት ሰዓት ተኩል፣ በኋላም ሁለት ሰዓት ተኩል ብቻ በድንጋይ ላይ ተራምደህ ትሻገራለህ። ከዚያ በኋላ መንገዱ ይዘጋል። በዋና እመለሳለሁ ብሎ የሞከረ ሰው ሞቶበታል፣ ስለዚህ የረፈደበት ሰው ቁጭ ብሎ ቀጣዩን ሽሽት ይጠብቃል።

እኔ ስልኬ ላይ ማንቂያ አደርጋለሁ፣ መመለሻ ሰዓት ከመድረሱ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ። ብርሃኑ ቢያምርም ባያምርም ሲጮህ ትራይፖዴን አጥፌ እነሳለሁ። ፎቶ አንሺ ብርሃን እያየ ሰዓት እንደሚረሳ የታወቀ ነው።

ሩብ_ሰከንድ | ሲያትል

ሪያልቶ ላይም "ሆል ኢን ዘ ዎል" የሚባለው ክፍት ዓለት ጋ ለመድረስ ያው ነው፣ ሲሸሽ ሄደህ ሳይሞላ ትመለሳለህ። ሞገድን በሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር፦ ወርዳችሁ ከመቆማችሁ በፊት ሃያ ደቂቃ ያህል ከላይ ሆናችሁ ተመልከቱ። ትልልቆቹ ሞገዶች በቡድን ነው የሚመጡት። አሥር ደቂቃ ሙሉ ጸጥ ብሎ የነበረ ዳርቻ በአንድ ጊዜ ወገብ ድረስ ሊመጣ ይችላል። ትንበያው ላይ በሞገድና በሞገድ መካከል ያለው ጊዜ 15 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ከሩቅ ማዕበል የመጣ ስለሆነ ቁመቱ ትንሽ ቢመስልም ጉልበቱ ብዙ ነው። ጀርባህን ለባሕር አትስጥ፣ ስክሪኑን እያየህም ቢሆን።

የእሁድ_እንግዳ | ቤይሩት

ሰላም እህት ወንድሞች። ይሄን ክር ከትናንት ጀምሮ ነው የማነበው፣ ለመጻፍ ግን ፈራሁ፣ ካሜራ የለኝምና። ሰው ቤት ነው የምሠራው፣ እሁድ ነው የምወጣው። ጓደኞቼ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ወደ ገበያ ሲሄዱ እኔ የባሕር ዳር መንገዱን፣ ኮርኒሹን፣ ይዤ እስከ ራውሼ ዓለት እሄዳለሁ። ሁለት ትልልቅ ዓለቶች ናቸው ከባሕር የወጡ፣ አንዱ መሐሉ ክፍት ነው። በስልኬ አነሳለሁ። ዓለቶቹን አይደለም በጣም የምወደው፤ ከሥር ድንጋዩ ላይ ረጅም ረጅም ዘንግ ይዘው የሚቆሙ ዓሣ አጥማጆች አሉ፣ እነሱን ነው። አንዱ ሽማግሌ ባልዲው ባዶ ሆኖም አይሄድም። ያነሳሁትን ባሳየሁት ጊዜ ሳቀና የእሱን ሳይሆን የዘንጉን ጫፍ እንዳነሳ በእጁ አሳየኝ። ጎበጥ ሲል ዓሣ አለ ማለት ነው።

ጥያቄዬ፦ በስልክ ሳነሳ ሰማዩ ነጭ ይሆንብኛል፣ ሰዎቹ ደግሞ ጥቁር። ምን ላድርግ?

ቁም_ውኃ | ስቶክሆልም

እህቴ፣ ከዚህ ክር ውስጥ የሚነሳ ነገር ያየው ሰው አንቺ ነሽ። የዘንጉን ጫፍ ያለሽ ሰውዬ ከእኛ ሁሉ ይበልጣል።

የስልኩን ካሜራ መስታወት በንጹሕ ጥጥ ጨርቅ ጥረጊው፣ ኮርኒሽ ላይ የጨው ብናኝ ይይዘዋል፣ ነጭ የሚሆነው ግማሹ በእሱ ነው። ከዚያ ሰማዩ ላይ ጣትሽን አሳርፈሽ ያዢው፤ ሲቆለፍ ጎኑ ላይ የፀሐይ ምልክት ይመጣል፣ ወደ ታች ጎትቺው። ሰዎቹ ይጠቁራሉ፣ ተያቸው ይጥቆሩ። ዘንጉ ቀጭን ጥቁር መስመር ሆኖ በሰማዩ ላይ እንዲቆም ዝቅ ብለሽ አንሺ። በጣትሽ አታቅርቢ፣ ጥራቱን ያበላሸዋል፣ ሄደሽ ቅረቢ።

ጨዋማ_ሌንስ | ኦክላንድ

በዚህ ላይ የምጨምረው፦ ምሽቱን ብቻ አትጠብቂ፣ ደመና ባለበት ቀን ሰማዩም ሰዎቹም አንድ ላይ ይወጡልሻል። የምትሄጅበት ሰዓት በእጅሽ እንዳልሆነ ይገባኛል፤ ግን በየእሁዱ ያው ቦታ መሄድሽ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ሽማግሌውን በዓመቱ ውስጥ በየወቅቱ አንሺው። እኔ የምቀናበት ሥራ ይሆናል፣ ከምሬ ነው።

ጣና_ዳር | ባሕር ዳር

እኔ ተማሪ ነኝ፣ ጣና አለኝ፣ ባሕር ግን አይደለም፣ ታይድም የለውም። ከጓደኛዬ ጋር የምንጋራው አሮጌ ካሜራ ከ18-55 ሌንስ ጋር አለን። ፊልተር የለም፣ ትራይፖዱም አንድ እግሩ ይንሸራተታል። ምን ይሻላል?

ጨዋማ_ሌንስ | ኦክላንድ

ጣና ታይድ የለውም ያለህ ማነው? በዓመት አንድ ጊዜ ነው የሚሞላው እንጂ። ክረምቱ አልቆ መስከረምና ጥቅምት ላይ ይሞላል፣ እስከ ግንቦት ሰኔ እየጎደለ ይሄዳል። ያው አንድ ዳርቻ ላይ በየወሩ ቆመህ ብታነሳ የእኔ ስድስት ሰዓት ለአንተ ስምንት ወር ሆኖ ይመጣልሃል። ከዘጌ እንጨት ጭነው የሚመጡትን ታንኳዎች ደግሞ ጠዋት፣ ነፋስ ሳይነሳ ያዛቸው፤ ውኃው ዝርግ ስለሆነ ጥላቸው ሙሉ ይሆናል። በሰሜን ምሥራቁ በኩል ዳርቻውን የወረረውን እምቦጭም አንሳ፣ ፎቶ ማለት ቆንጆ ብቻ አይደለም።

18-55 ይበቃሃል። ፊልተር ባይኖርህ ጎሕ ሲቀድ፣ ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ የሌንሱን ቀዳዳ ደግሞ ጠበብ አድርገህ ኤፍ 16 አድርግ፤ ብርሃኑ ራሱ አንድ ሰከንድና ሁለት ሰከንድ ይሰጥሃል። ለትራይፖዱ እግሩን በፕላስተር እሰረው፣ ከመሐሉ ድንጋይ የያዘ ከረጢት አንጠልጥልበት። የካሜራውን ሁለት ሰከንድ መዘግየት ተጠቀም፣ በእጅህ ስትጫን እንዳይነቃነቅ።

ኮርቻ | ሲልቨር ስፕሪንግ

ጽዳቱን ማንም አላነሳም። ጨው ካሜራዬን ጨረሰው።

ዝናብ_አይመልሰኝም | ካርዲፍ

ኮርቻ፦ ሌንስ ላይ የደረቀ ጨው በደረቅ ጨርቅ አይጠረግም፣ ይቧጭራል። መጀመሪያ በንጹሕ ውኃ የረጠበ ጨርቅ፣ ከዚያ ደረቁ። የካሜራውን አካልም እንዲሁ። ትራይፖዱን ቤት ስትደርስ እግሮቹን ዘርግተህ በቧንቧ ውኃ እጠበው፤ መቆለፊያው ውስጥ አሸዋ ከገባ ፈትተህ ካላጠብከው ነገ አይዘጋልህም። ዳርቻው ላይ ሌንስ መቀየር ክልክል ነው፣ በእኔ ሕግ።

ሳሮን_ሳን_ሆዜ | ሳን ሆዜ

ጨዋማ፣ ቢክስቢ ድልድይ ስሄድ መኪና ማቆሚያ አጥቼ ተመልሻለሁ፣ በ1932 ሲሠራ ይሄ ሁሉ ሰው ይመጣል ብለው አላሰቡም መሰለኝ። ያንተው ሻርክ ፊን ይሻላል? ሁለት ልጆች አሉኝ።

ጨዋማ_ሌንስ | ኦክላንድ

ሳሮን፣ ለልጆች ከላይ ሆኖ ማየቱ ጥሩ ነው፣ አፋፉ ግን አጥር የለውም፣ እጃቸውን ይዘሽ። ወደ ታች የሚወስደው መንገድ ቁልቁለትና ልቅ አፈር ነው፣ ከልጆች ጋር አልመክርም። ለእነሱ ፒጅን ፖይንት ውሰጃቸው፣ ከዚያ ብዙም አይርቅም። በ1872 የበራ የመርከብ መብራት ቤት ነው፣ 35 ሜትር ቁመት። ከጎኑ ውኃው ሲሸሽ ጉድጓዶቹ ውስጥ ሸርጣንና የባሕር ኮከብ ይታያል፤ አይንኩ፣ ይመልከቱ። አንቺም መብራት ቤቱን ታነሻለሽ።

የእሁድ_እንግዳ | ቤይሩት

ጠረግሁት። ሰማዩ ሰማያዊ ሆነ! ሽማግሌው ዛሬ አልነበረም፣ ሌላ ሰው ነበር። የዘንጉን ጫፍ አንስቻለሁ፣ ማዳም ዋይፋዩን ስትከፍትልኝ እለጥፋለሁ።

ባለ_ተሳቢው | መንገድ ላይ

ልጆቼ፣ ላስቲኩ ሠራ። አንድ ጠብታ ላብ የለም። ጀልባዋን ይኸው ለጥፌያለሁ። ባሕሩ ግን ወደ ግራ እየፈሰሰ ነው የሚመስለው፣ ምን ሆኖ ነው?

ሩብ_ሰከንድ | ሲያትል

ጋሼ፣ ፎቶዋ በጣም ቆንጆ ናት። ካሜራው ዘንበል ብሎ ነው። ምናሌው ውስጥ "ግሪድ" የሚል አለ፣ ያብሩት፤ የባሕሩን ጠርዝ ከመስመሩ ጋር ያስተካክሉ።

ባለ_ተሳቢው | መንገድ ላይ

ምናሌው በፈረንሳይኛ ነው። ልጄን እጠይቀዋለሁ።